ሀብት ሁሉ በአንድ ሰማይ ሥር፦ የሰሜን ሸዋ ቤተሰብና የሌላው ዓለም ጥሪት

የመንዝ ገበሬ ጥሪቱን የሚያስቀምጠው በበግ ነው። የጅሩ ገበሬ በሰንጋ፣ የምንጃሩ በጤፍ፣ የባሶና ወራናው ደግሞ በባሕር ዛፍ። ደብረ ብርሃን የሚኖር መምህር ወይም ነጋዴ ትንሽ ብር ከቋጠረ መጀመሪያ የሚያስበው ቦታ ገዝቶ ቤት መሥራት ነው። ቶኪዮ ያለ ቤተሰብ ከገንዘብ ሀብቱ ግማሽ ያህሉን ባንክ አስቀምጦ ይኖራል። አሜሪካዊው የጡረታ ገንዘቡን አክሲዮን ገዝቶበታል። ህንዳዊቷ እናት ለልጇ ሠርግ ወርቅ ታጠራቅማለች። ቻይናዊው አቅም ካገኘ ሁለተኛ አፓርታማ ይገዛል።

ስለዚህ ልዩነት ሲወራ ብዙ ሰው ነገሩን ወደ ጠባይ ይወስደዋል። «የእኛ ሰው ኢንቨስትመንት አያውቅም» ይባላል። «ጃፓን ፈሪ ነው፣ አሜሪካዊ ደፋር ነው» የሚልም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ጥሪቱን የት እንደሚያስቀምጥ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሕጉ የከፈተለት በር፣ የሚፈራው አደጋ፣ የሚያምነው ተቋም። የሰሜን ሸዋ ቤተሰብም ሲመርጥ በማስተዋል ነው የሚመርጠው። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ሀብታችን በዓይነት ብዙ ሆኖ ሳለ በቦታ ግን አንድ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ሌላውን ዓለም ትንሽ እንዙር።

ጃፓን ጥሩ መነሻ ናት። የጃፓን ቤተሰቦች ከገንዘብ ሀብታቸው ግማሽ ያህሉ ጥሬ ገንዘብና የባንክ ተቀማጭ ነው። በዩሮ አገሮች ይህ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ጃፓኖች ለምን እንዲህ ሆኑ? የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ከፍተኛ ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ተንኮታኮተ። ያንን ጣሪያ መልሶ ያለፈው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው። 34 ዓመት ማለት ነው! በ30 ዓመቱ አክሲዮን የገዛ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ አልተመለሰለትም። ከዚህ ጊዜ በአብዛኛው ጃፓን ውስጥ የዕቃ ዋጋ ባለበት ቆሟል፤ አንዳንዴም ቀንሷል። ስለዚህ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምንም አልተጎዳም። ይህን ፍርሃት ማለት ይከብዳል፤ ሰውየው ያየውን ነው ያመነው።

ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ጃፓንም ውስጥ ኑሮ መወደድ ጀመረ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከግብር ነፃ የሆነውን የኢንቨስትመንት ሂሳብ አሰፋው። አንድ ሰው በዓመት እስከ 3.6 ሚሊዮን የን አስገብቶ ከትርፉ ግብር ሳይከፍል መኖር ይችላል። ሕዝቡ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ብዙው ገንዘብ የሄደውም የዓለምን ኩባንያዎች በአንድ ላይ ወደሚገዙ ፈንዶች ነው። ፈሪ የተባለው ሕዝብ በሩ ሲከፈት ገባ።

የአሜሪካው መነሻ የጡረታ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ የግብር ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ እየቆረጠ ለጡረታው ራሱ ኢንቨስት የሚያደርግበትን መንገድ ከፈተ። ቀድሞ ድርጅቱ «እስክትሞት እጦርሃለሁ» ይል ነበር፤ ቀስ በቀስ ያ ቀረና ኃላፊነቱ ወደ ሠራተኛው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ጥናት 58 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች በቀጥታም ሆነ በጡረታ ሂሳባቸው በኩል አክሲዮን ነበራቸው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአክሲዮኑ አብዛኛው፣ ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው፣ በሀብታሞቹ 10 በመቶ እጅ ነው። የመካከለኛው አሜሪካዊ ትልቁ ሀብቱ አሁንም ቤቱ ነው። «አሜሪካዊ ሁሉ የአክሲዮን ሰው ነው» የሚለው ወሬ የሚመጣው አማካይ ቁጥር ብቻ አይቶ ከመናገር ነው።

አውሮፓ ውስጥ እንኳን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጀርመን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ በኪራይ ነው የሚኖረው፤ ተከራዩን ሕግ በደንብ ስለሚጠብቀው ቤት መግዛት ግዴታ አይመስለውም። ሩማንያ ውስጥ ግን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ የራሱ ቤት አለው። እዚያ የሶሻሊዝሙ ሥርዓት ሲወድቅ የመንግሥት ቤቶች በርካሽ ለነዋሪው ተሸጡ። አንድ ውሳኔ የአንድን ትውልድ ሀብት ቅርፅ ወሰነ።

ቻይና በተለይ ለእኛ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው ጥናት ከከተማ ቤተሰቦች ጠቅላላ ሀብት 59 በመቶ ገደማው ቤት ነበር። ሌላ የት ያስቀምጡት? የባንክ ወለድ ዝቅተኛ ነው፣ የአክሲዮን ገበያው ይዋዥቃል፣ ገንዘብ ወደ ውጭ ማውጣት ገደብ አለበት። ስለዚህ አፓርታማ ላይ አፓርታማ ተገዛ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግዙፉ የቤት ገንቢ ኤቨርግራንድ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው የቤት ዋጋ መውረድ ጀመረ። የሰውየው ቤት ዋጋ ሲወርድ በዚያው ከተማ ያለው የግንባታ ሥራም ቀዘቀዘ፣ የሱቁ ገበያም ተዳከመ። ሀብቱና የዕለት ገቢው አብረው ተመቱ።

ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የማዕከላዊ ባንኩ ኮሚቴ ሪፖርት ከቤተሰብ ሀብት 77 በመቶው መሬትና ቤት፣ 11 በመቶው ወርቅ፣ 5 በመቶው ብቻ የገንዘብ ሀብት እንደሆነ አስፍሯል። አርጀንቲናውያን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 መንግሥት የባንክ ገንዘባቸውን እንዳያወጡ ከከለከላቸው ወዲህ ዶላር ቤታቸው ይደብቃሉ። ቱርኮች ወርቅ ትራስ ሥር ያኖራሉ። ባንክ አንዴ የከዳው ሕዝብ ልጆቹንም ያስጠነቅቃል።

አሁን ወደ አገር ቤት።

አንድ የመንዝ ገበሬ በ2014 ዓ.ም. እጁ ላይ 10 ሺህ ብር ነበረው እንበል። በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስገባው በዓመቱ 10,700 ብር ይሆናል። በዚያ ሰሞን ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዓመት ሲዞር በ10 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ 13 ሺህ አልፏል። ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ከሰረ። በዚያው ብር እናት በግ ገዝቶ ቢሆንስ? በግ በአምስት ወር ትወልዳለች። የበጓ ዋጋ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ግልገሏ ደግሞ ትርፍ ናት። ሱፉ አለ፣ ፍጉ አለ። ይህን ሰው «ቁጠባ አያውቅም» ማለት ግፍ ነው። ሒሳቡን ከብዙዎቻችን በተሻለ ሠርቶታል።

የገበሬው ሀብት አደረጃጀትም በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ለጨውና ለቡና እንቁላል ወይም ዶሮ ይሸጣል። ለልጅ ደብተርና ለማዳበሪያ በግ ይነዳል። በሬ የሚሸጠው ጉዳዩ ከባድ ሲሆን ነው። ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ከተማ ቤት ለመሥራት ባሕር ዛፉን በቁሙ ይሸጣል። ባሕር ዛፍ ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የፋይናንስ ባለሙያዎች የአጭርና የረጅም ጊዜ ጥሪት የሚሉት ነገር እንግዲህ እዚህ በግቢው ውስጥ አለ።

ከተሜውም ገጠር ላይ እጁ አለበት። ደብረ ብርሃን ያለች ሴት ሞጃ ላለ ዘመዷ በጎች በርቢ ትሰጣለች፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። እሷ ብር አላት፣ እሱ ጉልበትና ግጦሽ አለው። ማኅተም የለው፣ ውል የለው፤ በመተማመን ብቻ ስንት ዘመን የዘለቀ ነገር ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። እድርም አለ፣ እቁብም አለ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ክፉ ዘመን ሲመጣ ይታያል። በልጉ ይቀራል፣ ወይም ውርጭ ይመታና ገብሱ ይጠፋል። ገብሱ የጠፋበት ሰማይ ሣሩንም አያበቅልም፤ በጉ ይከሳል። እህል ለመግዛት ሁሉም በጉን እየነዳ መሐል ሜዳና ሞላሌ ገበያ ይወርዳል። ሻጭ እጥፍ ይሆናል፣ ገዢ ያው ነው። የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ በዚያው ቀን እዚያው ገበያ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በደህናው ጊዜ ሁለት በግ ይበቃ የነበረበት ጉዳይ አሁን አራትና አምስት በግ ይፈልጋል። ገበሬው አራት ዓይነት ሀብት ነበረው፤ አራቱም በአንድ ሳምንት ረከሱ። የ77ቱን ድርቅ ያዩ የሰሜን ሸዋ አዛውንቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጅሩና ምንጃር ሌላ መልክ አለው። ጥቁር አፈሩ ለጋስ ነው፣ ሰንጋውና ጤፉ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ ይጠራል። ቀወት ደግሞ ቆላ ስለሆነ ማሾና ፍራፍሬ ያመጣል። በዞን ደረጃ ስታየው የሰሜን ሸዋ ሀብት የተሰባጠረ ነው። አንዱ ቤተሰብ ግን መንዝም ምንጃርም ቀወትም ላይ በአንድ ጊዜ መኖር አይችልም። የመንዙ ሰው ከምንጃር ጤፍ ትርፍ ላይ ቁራሽ ድርሻ የሚይዝበት መንገድ የለውም። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ይህ ገበሬውን ከመፈናቀል ጠብቆታል፤ እኔም ዋጋውን አላሳንሰውም። ግን ሀብቱን ከተወለደበት ቀበሌ እንዳያወጣም አስሮታል።

ከሰማዩ ሌላ የሰው ክፋትም አለ። ሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ሰው ሀያና ሠላሳ ዓመት የለፋበት ቤትና ሱቅ በቀናት ውስጥ አመድ ሆነ። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከብት ተዘረፈ፣ ጎተራ ተራቆተ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ የባሕር ዛፍ ነጋዴ አይመጣም፤ አጣናው ቆሞ ይቀራል። የፋሲካ ሙክትም አዲስ አበባ ካልገባ ዋጋው አይደለም። ነፍሱን ይዞ የሸሸ ሰው ይዞት የወጣው ሀብት በባንክ ደብተሩና በስልኩ ውስጥ ያለው ብር፣ እንዲሁም ሌላ አገር ያለ ዘመዱ ነው። በዋጋ ንረት የሚበላው ያ የባንክ ብር፣ የኪሳራ ማስቀመጫ የሚባለው፣ በዚያች ቀን ዋጋው ሌላ ነበር። ስለዚህ ባንክን እንደ ማትረፊያ ሳይሆን ለክፉ ቀን እንደ መሸሻ አስቦ ጥቂት ማስቀመጥ ብልህነት ነው እላለሁ።

ሌላ አገር ያለ ዘመድ ስል ልጆችን ማለቴ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥለታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ሲጦር የሚቀበለው አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛም ይህ መብት አለው። ገበሬው ግን የለውም። የእሱ ጡረታ ልጁ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አንዷ ዓረብ አገር። የመንዝ ሰማይ ሲዘጋ የሪያድና የቤይሩት ደመወዝ አይዘጋም። ቤተሰቡ ከአካባቢው ውጭ ያለው ብቸኛ ሀብት ይህ ነው። ዋጋው ግን የሚከፈለው በሰው ነው፤ በተለይ በሴት ልጆች። አንድ ቤተሰብ አደጋን ለመቀነስ ልጁን መላክ የለበትም ነበር።

ኖርዌይ ይህን ችግር በአገር ደረጃ አስባበታለች። የነዳጅ ገቢዋን የምታጠራቅምበት ፈንድ በሙሉ ኢንቨስት የሚደረገው ውጭ አገር ነው። አንድ ክሮነር እንኳ አገር ውስጥ አይውልም። የነዳጅ ዋጋ ቢወድቅ፣ የአገሩ ሥራ ቢቀዘቅዝ፣ ቁጠባው አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ፈንዱ ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጡ አክሲዮኖች 1.5 በመቶ ገደማ ይዟል። ጃፓኖች በአዲሱ ሂሳባቸው የዓለም ፈንድ ሲገዙ የሠሩትም ይህንኑ ነው። የቻይናው ቤተሰብ ደግሞ ያልቻለው ይህንን ነው።

ለእኛስ በር አልተከፈተም? ተከፍቷል፤ በጠባቡ። አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። ጥቂት በግ የሸጠ ገበሬ ሊደርስበት የሚችል ገንዘብ ነው። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የገዙትም ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ይህን እንደ ውድቀት ቆጥሮታል። እኔ ግን ሽያጩ ሲጀመር አክሲዮን መልሶ የሚሸጥበት ገበያ ገና ባልነበረበት አገር ይህን ያህል ሰው መግዛቱ ነው የሚገርመኝ። በ2014 ሥራ የጀመረው አማራ ባንክም ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮን ይዞ ነው የተነሳው። ሰው ያመነውን ይገዛል።

ጥንቃቄ ያለበትን ደግሞ ከኬንያ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳፋሪኮም አክሲዮኑን በ5 ሽልንግ ሲሸጥ ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛ፤ ብዙው ሰው አክሲዮን ሲገዛ የመጀመሪያው ነበር። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ከተገዛበት በታች ወረደ። ተበድሮ የገዛና ለትምህርት ቤት ክፍያ የፈለገው ሰው በኪሳራ ሸጠ። መጠበቅ የቻለው በኋላ አተረፈ። ኩባንያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሰውየው የገዛበት ብር የማን እንደነበርና መቼ እንደሚፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኬንያ በስልክ የሚገዛ የመንግሥት ቦንድ ከ3 ሺህ ሽልንግ ጀምሮ አቀረበች። ባንክ ቅርንጫፍ ለሌለበት ገጠር እንዲህ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ትንሽ ነው፣ ጊዜው ይታወቃል።

ለሰሜን ሸዋ ሰው በጉን ሁሉ ሸጠህ አክሲዮን ግዛ የሚል መካሪ ቢመጣ አትስሙት። በጉ የዕለት ኑሮ ነው። ሀያ በግ ያለው ሰው ግን የሁለቱን ዋጋ ከመንዝ ሰማይ ውጭ ቢያስቀምጥ፣ ዝናብ ሲቀር የማይቀር ነገር ይኖረዋል። ለዚህ የሚሻለው የአንድ ኩባንያ አክሲዮን አይደለም። የብዙ ሰው ትንንሽ ብር ተሰብስቦ ብዙ ኩባንያና ቦንድ የሚገዛበት ፈንድ ነው። የ2013ቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ይህን ይፈቅዳል። ገጠር ድረስ የሚወርድ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ሒሳቡም በአማርኛ ተጽፎ፣ ክፍያው በግልጽ ተነግሮ።

ከብቱን ባለበት መድን ማስገባትም አለ። ቦረና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሣሩ በሳተላይት እየታየ፣ ግጦሽ ሲጠፋ አርብቶ አደሩ ካሳ የሚያገኝበት መድን ተሞክሯል። ለመንዝ በግ እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅም ከብትን የብድር ዋስትና አድርጎ ማስያዝን ፈቅዷል። በክፉ ሳምንት በጉን በርካሽ ከመሸጥ አስይዞ መበደር ቢቻል፣ ያ የገበያ መጥፎ ቀን ያልፋል። ብድር ሰጪው በግን እንደ ዋስትና ለመቀበል ልቡ እስኪፈቅድ ግን አዋጁ ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። በጉንም ቢሆን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ ስንት እንደሆነ እረኛው ልጅ ሳይቀር ይቆጥራል። በቴሌብር የተገዛ አክሲዮን ግን የተመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው። የሁለቱ ላብ የሆነ በግ ተሸጦ የአንዱ አክሲዮን ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ቢሞት ወይም ቢሰደድ ቤተሰቡ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት በጉን ገበያ ከማውጣታቸው በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው ይጠይቁ፤ በማን ስም ይመዘገባል? ወራሹ እንዴት ያገኘዋል? ትርፉ በየትኛው ሂሳብ ይገባል? ሻጩ ይህን በግልጽ ካልመለሰ በጉ ለጊዜው ጋጣው ውስጥ ይቆይ።